በ950 ኸርዝ ላይ የቆመው ሁለተኛ ጫፍ ከየት መጣ?

ንዝረት ፈላጊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ በንዝረት ሴንሰር መረጃ ሰበሰብሁ፤ በሰከንድ 1000 ናሙና፣ ለአንድ ሰከንድ። የተገኙትን 1000 ቁጥሮች ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ኤፍኤፍቲ፣ ማለትም ሲግናልን ወደ ድግግሞሾቹ በሚበትነው ስሌት፣ አስልቼ የውጤቱን መጠን በግራፍ አወጣሁት። በ50 ኸርዝ ላይ ጫፍ አለ። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3000 ዙር ስለሚሽከረከር ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በ950 ላይም ቁመቱ ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም የሚገጥም ሌላ ጫፍ ቆሟል። ግራፉን መሀሉ ላይ ባጥፈው ሁለቱ ግማሾች ይደራረባሉ።

ሞተሩ በእርግጥ በ950 ኸርዝ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው? ደግሞም የጫፉ ቁመት 1000 ገደማ ነው፤ ሴንሰሩ የሚያነበው ግን በኔጋቲቭ 2 እና በፖዘቲቭ 2 መካከል ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ያስገባሁት 1000 ተራ ቁጥር ነው፤ የወጣው 1000 ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ኮምፕሌክስ ቁጥር በውስጡ ሁለት ቁጥር ስለያዘ 2000 ሆነ ማለት ነው። ትርፉ 1000 ከየት መጣ? መረጃ ከባዶ አይፈጠርም መቼም።

ፈጣን መላሽ፦

950 የሚባል ነገር የለም። ከ500 በላይ ያለውን ጣለው። የቀረውን በ2 አባዝተህ ለ1000 አካፍለው። 2 ገደማ ታገኛለህ። አለቀ።

ክብ ቀስት፦

ፈጣን መላሽ የሰጠው ቀመር ያሠራል። ጠያቂው ግን «ምን ላድርግ» ብቻ ሳይሆን «ለምን» ብሎም ጠይቋል። ለምኑን የዘለለ ሰው ደግሞ ሲግናሉን ከድግግሞሽ ወደ ጊዜ መመለስ በፈለገ ቀን መቸገሩ አይቀርም።

ኤፍኤፍቲ የሚያሰላው ትራንስፎርም ሲግናሉን የሚለካው በሚሽከረከሩ ቀስቶች ነው። አንድ ቀስት ጭራው በአንድ ነጥብ ላይ ተተክሎ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል እንበል። መዞር የሚችልበት አቅጣጫ ሁለት ነው፤ ወይ የሰዓት ዘንግ በሚሄድበት፣ ወይ በተቃራኒው። በተቃራኒው የሚዞረውን ፖዘቲቭ 50፣ እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞረውን ኔጋቲቭ 50 እንለዋለን። የቀስቱ ጫፍ በማንኛውም ቅጽበት የሆነ የአግድም ርቀትና የሆነ ከፍታ አለው። አግድሙ ሪያል ክፍል ነው፤ ከፍታው ኢማጂነሪ ክፍል።

የአንተ ሲግናል ተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከፍታ የለውም። አንድ ቀስት ብቻውን እንዲህ ያለውን ሲግናል ሊሠራ አይችልም፤ በዞረ ቁጥር ከፍታው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት እኩል ቀስቶች በአንድ ፍጥነት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ግን የአንዱ ከፍታ የሌላውን በየቅጽበቱ ያጠፋዋል፤ አግድማቸው ይደመራል። የሚቀረው ኮሳይን ነው። ስለዚህ ከፍታው 2 የሆነ ኮሳይን ማለት ርዝመታቸው 1 የሆነ ሁለት ቀስቶች ማለት ነው፤ አንዱ በ50፣ ሌላው በኔጋቲቭ 50። ሪያል ሲግናል ሁሉ የተሠራው ከእንዲህ ዓይነት ጥንዶች ነው። ሞተርም ይሁን የሰው ድምፅ ወይም የልብ ምት፣ ለውጥ የለውም።

ታዲያ ኔጋቲቭ 50 ስለ ምን 950 ላይ ታየ? ናሙናው የሚወሰደው በየሚሊሰከንዱ ብቻ ነው። በሰከንድ 950 ጊዜ ወደ ፊት የሚዞር ቀስት በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ 0.95 ዙር ይሄዳል። በሰከንድ 50 ጊዜ ወደ ኋላ የሚዞረው በዚያው ሚሊሰከንድ 0.05 ዙር ይመለሳል። ሁለቱም የሚያርፉት እዚያው ነጥብ ላይ ነው። በናሙናዎቹ መካከል የሚሆነውን የሚያይ ስለሌለ ለትራንስፎርሙ አንድና ያው ናቸው። ፕሮግራሞቹ ቢኖቹን፣ ማለትም ለየድግግሞሹ የተመደቡትን የውጤት ቦታዎች፣ ከ0 እስከ 999 ስለሚቆጥሩ ኔጋቲቮቹ ከኋላ ይሰለፋሉ፤ 999 ኔጋቲቭ 1 ነው፣ 998 ኔጋቲቭ 2፣ እያለ ይቀጥላል። በነምፓይ ውስጥ ኤፍኤፍቲሺፍት የሚባለው ትእዛዝ ዜሮን መሀል ላይ አድርጎ ያዞርልሃል። ግራፍህን አንድ ጊዜ እንዲያ አድርገህ ብታየው ጥያቄው ራሱ ይጠፋል።

ስለ ቁመቱም አጭር ነው። ስሌቱ ይደምራል እንጂ አማካይ አይወስድም። ርዝመቱ 1 የሆነ ቀስት 1000 ናሙና ላይ ሲደመር 1000 ይሆናል። ለ1000 ስታካፍል ወደ 1 ይመለሳል፤ በ2 ስታባዛ ጥንዱን አንድ ላይ ቆጠርህ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2 የማይባዙ ቢኖች አሉ። ቢን 0 ጥንድ የለውም፤ እሱ የማይዞር ቀስት ነው፣ የሲግናሉ አማካይ። ቢን 500ም ጥንድ የለውም፤ በአንድ ናሙና ግማሽ ዙር የሚሄድ ቀስት ወደ ፊት ሄደም ወደ ኋላ የሚያርፈው እዚያው ነው። እነዚህን ሁለቱን በ2 ያባዛ ሰው አማካዩን እጥፍ አድርጎ ሪፖርት ያቀርባል። በታተሙ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ።

ቁጥር ቆጣሪ፦

«ትርፉ 1000 ከየት መጣ» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ባይታለፍ ደስ ይለኛል፤ ከሦስቱ የበለጠው እሱ ነውና። በአራት ቁጥሮች በእጅ እንሥራው። ሲግናሉ 5፣ 3፣ 1፣ 4 ይሁን።

ቢን 0 ድምሩ ነው፤ 13። ለቢን 1 ቀስቱ በየናሙናው ሩብ ዙር ስለሚሄድ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ናሙና አግድሙን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ከፍታውን ይሠራሉ። ሪያል ክፍሉ 5 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 4 ነው፤ ኢማጂነሪ ክፍሉ 4 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 1 ነው። ለቢን 2 ምልክቱ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ 5 − 3 + 1 − 4 = −1። ለቢን 3 እንደ ቢን 1 ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል፤ ሪያሉ 4፣ ኢማጂነሪው ኔጋቲቭ 1።

አሁን ቁጠሩ። ቢን 0 እና ቢን 2 ኢማጂነሪ ክፍል የላቸውም፤ አንድ አንድ ቁጥር ናቸው። ቢን 1 ሁለት ቁጥር ነው። ቢን 3 የቢን 1 ኮንጁጌት (የኢማጂነሪው ምልክት ብቻ የተገለበጠበት) ስለሆነ አዲስ ነገር አልነገረንም። 13፣ −1፣ 4 እና 1። አራት ገባ፣ አራት ወጣ። በ1000 ናሙናም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ተራ ቁጥሮችና 499 ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፤ 2 ሲደመር 998፣ ልክ 1000። ትርፍ የመሰለህ ቅጂ ነው።

የሒሳቡን ትክክለኛነት በጉልበት ድምር መፈተሽ ትችላለህ። የናሙናዎቹ ካሬዎች ድምር 25 + 9 + 1 + 16 = 51። የቢኖቹ ካሬዎች ድምር 169 + 17 + 1 + 17 = 204፤ ለ4 ሲካፈል 51። ፓርሴቫል የሚባለው ሕግ ይህ ነው። ፈጣን መላሽ እንዳለው ቢን 3ን ጥለህ ይህንን ብትሠራ ግን 187 ለ4፣ 46.75 ታገኛለህ። የተጣለው ቅጂ መረጃ ባይጨምርም ጉልበት ይዟል። ስለዚህ ግማሹን ስትጥል የመሀል ቢኖችን ካሬ በ2 ማባዛት ግድ ነው፤ ዜሮንና የመጨረሻውን ግን አትንካ። ልብ በሉ፣ ከፍታ ሲሆን መጠኑን በ2፣ ጉልበት ሲሆን ካሬውን በ2 ነው። ከፍታውን በ2 አባዝቶ ከዚያ ካሬ የሚያደርግ ሰው በ4 አባዛ።

ፈጣን መላሽ፦

ስለ ቢን 0 እና ስለ ጉልበቱ የተባለውን ተቀብያለሁ። ቢሆንም ለተግባር ሥራ አርኤፍኤፍቲ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ከመጀመሪያው ከ0 እስከ 500 ያሉትን 501 ቢኖች ብቻ ይሰጣችኋል። ጊዜውም ማኅደረ ትውስታውም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ንዝረት ፈላጊ፦

የቀስቱ ነገር በደንብ ገባኝ፤ በአራቱ ቁጥሮችም ራሴ ደግሜ ሠራሁት። አመሰግናለሁ።

አሁን ሌላ ጥያቄ ወለደ። በሞተሩ ላይ ጭነት ጨምሬ እንደገና መረጃ ወሰድሁ፤ እንደ ቀድሞው አንድ ሰከንድ። ቀድሞ በ50 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው ጫፍ አሁን ወፍሯል። በ49 እና በ50 ላይ ቁመታቸው የተቀራረበ ሁለት ቢኖች አሉ፤ ሁለቱም ከቀድሞው ያነሱ ናቸው። ግራና ቀኛቸው ደግሞ እስከ 30 እና እስከ 70 ድረስ ቀስ እያለ የሚወርድ ጭራ አለ። ጭነቱ ንዝረቱን ቀንሶ በየድግግሞሹ በተነው ልበል?

የድሮ ኢንጂነር፦

አትበል። ንዝረቱ ምናልባት አልተነካም፤ የተለወጠው ድግግሞሹ ከቢኖቹ ጋር ያለው አቀማመጥ ነው።

ቢኖችህ በየ1 ኸርዝ የተተከሉ ናቸው፤ 1000 ናሙና በሰከንድ ለ1000 ናሙና ሲካፈል 1። በሌላ አነጋገር የቢን ስፋት 1 ለቀረጻው ርዝመት በሰከንድ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ንዝረቱ በቀረጻው ርዝመት ውስጥ ልክ 50 ሙሉ ዙር ካደረገ በቢን 50 ላይ ብቻ ይቆማል፤ ሌሎቹ ቢኖች ዜሮ ያነባሉ። 49 ተኩል ዙር ካደረገ ግን ለእሱ የተመደበ ቢን ስለሌለ በሁለቱ ጎረቤቶች ላይ ይወድቃል፤ ቀሪው ወደ ሩቆቹ ይፈሳል። ሊኬጅ የሚሉት ይህንን ነው። ጫፉ በሁለት ቢኖች ልክ መሀል ሲወድቅ እያንዳንዱ የሚያነበው የእውነተኛውን ከፍታ 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከፍታው 2 የሆነ ንዝረት 1.27 ሆኖ ይታያል። ይህንን አይቶ «ማሽኑ ተሻለው» ያለ ሰው አጋጥሞኛል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ትራንስፎርሙ ቀረጻህን መጨረሻውና መጀመሪያው እንደ ተያያዘ ቀለበት አድርጎ ነው የሚያየው። 49 ተኩል ዙር ያለው ቀረጻ ሲያያዝ መገጣጠሚያው ላይ ስብራት ይፈጠራል። ስብራት ደግሞ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ጉልበት አለው፤ ያየኸው ጭራ እሱ ነው።

መድኃኒቱ ከኤፍኤፍቲ በፊት ናሙናዎቹን በዊንዶው ማባዛት ነው። ለጅማሬ ሃን የሚባለው ይበቃሃል። በሁለቱ ጫፎች ዜሮ፣ መሀሉ ላይ 1 የሆነ ለስላሳ ጉብታ ነው፤ መገጣጠሚያው ዜሮ ከዜሮ ጋር ስለሚሆን ስብራቱ ይጠፋል። ዊንዶው ሳትጠቀም የጎን ጉብታዎቹ ከዋናው ጫፍ 13 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ በሃን 31 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያም በፍጥነት ይወርዳሉ። ጫፉ በሁለት ቢኖች መሀል ሲወድቅም የሚጠፋው ከፍታ ከ36 በመቶ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከፍታን በትክክል ማንበብ ብቻ ከሆነ ዓላማህ ፍላት ቶፕ የሚባል ዊንዶው አለ። ዋጋው ግን ጫፉን በጣም ማወፈሩ ነው።

ሃን የሲግናሉን አማካይ ከፍታ በግማሽ ስለሚቀንስ ውጤቱን ለ0.5 ማካፈል አትርሳ። ከዊንዶው በፊት አማካዩንም ቀንስ። ሴንሰር ብዙ ጊዜ ዜሮ ላይ አያርፍም፤ ያ የቆመ ቁጥር በዊንዶው ሲባዛ ከቢን 0 ወደ ቢን 1 ይፈሳል።

ፈጣን መላሽ፦

ከዚህ የሚቀል አለ። ከናሙናዎቹ መጨረሻ 9000 ዜሮ ጨምርና የ10000 ኤፍኤፍቲ ሥራ። ቢኖችህ በየ0.1 ኸርዝ ይሆናሉ፤ 49.5ን በግልጽ ታየዋለህ።

የድሮ ኢንጂነር፦

ዜሮ መጨመር ግራፉን ያለሰልሰዋል፤ አዲስ ነገር ግን አያሳይም። አንድ ንጹሕ ጫፍ ብቻ ካለ የጫፉን ቦታና ቁመት በቅርበት ለማንበብ ይጠቅማል፤ ያንን አልክድም። ሁለት ተቀራራቢ ድግግሞሾችን ለመለየት ግን ምንም አይረዳም። መለየት የሚችለው የቀረጻው ርዝመት ነው። አንድ ሰከንድ ያዳመጠ ሰው በ1 ኸርዝ አካባቢ የሚራራቁትን ለመለየት ይታገላል፤ ዜሮ ስለ ደረደረ ረጅም ጊዜ አዳመጠ አይባልም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሞተሩ ምን ዓይነት ነው? ኢንዳክሽን ሞተር ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩም 50 ኸርዝ ከሆነ፣ በደቂቃ ልክ 3000 ዙር አይሽከረከርም። ጉልበት ለማውጣት ከሚዞረው ማግኔታዊ መስክ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ ጭነት ሲጨመርበት የበለጠ ይቀራል። የስም ሰሌዳውን ተመልከት። እኔ የምጠረጥረው በ50 አካባቢ አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር እንዳለህ ነው።

ንዝረት ፈላጊ፦

ኢንጂነር፣ ኢንዳክሽን ነው። ሰሌዳው ላይ 2960 ይላል።

የረጅሙን ቀረጻ ነገ እሠራዋለሁ። እስከዚያው ሌላ መንገድ ሞከርሁ። ከዋናው ጫፍ ጎን ያሉትን ትንንሽ ነገሮች ለማየት ቢን 50ን ዜሮ አድርጌ በተገላቢጦሽ ኤፍኤፍቲ ወደ ጊዜ መለስሁት። ውጤቱ ግን ኮምፕሌክስ ቁጥር ሆነ። እንደ ክብ ቀስት አባባል ከፍታ የሌለው ሲግናል ከፍታ አበቀለ። ሪያል ክፍሉን ብቻ ብወስድስ?

ክብ ቀስት፦

ይኸው የፈራሁት ቀን መጣ። ከጥንዱ አንዱን ቀስት ገደልህ፤ በ950 ላይ ያለው ሌላኛው ብቻውን እየዞረ ነው። ከፍታውን የሚያጠፋለት የለም። ሪያል ክፍሉን ብቻ ብትወስድ የ50 ኸርዙ ንዝረት አይጠፋም፤ በግማሽ ከፍታ ይቀራል። ስህተቱ ዓይን ላይ ስለማይታይ ይህ ከኮምፕሌክሱ ውጤት የከፋ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። በቢን 50 ላይ ያደረግኸውን በቢን 950 ላይ በኮንጁጌቱ ድገመው። ወይም በአርኤፍኤፍቲ ሠርተህ በአይአርኤፍኤፍቲ መልስ፤ ያኛው ጥንዱን ራሱ ይጠብቅልሃል። አንድ ወጥመድ አለው። 501 ቢኖች የሚወጡት ከ1000 ናሙናም ከ1001 ናሙናም ነው፤ አይአርኤፍኤፍቲ ካልተነገረው 1000 ነው ብሎ ይገምታል። የናሙናህ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ርዝመቱን ራስህ ስጠው። አለበለዚያ አንድ ናሙና የጎደለውና የተዛባ ሲግናል ይመለስልሃል፤ ፕሮግራሙም ቅር አይለውም።

ሁለቱንም ቀስት በትክክል አስወግደህ አሁንም ኢማጂነሪ ክፍል ብታይ መጠኑን ተመልከት። ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮዎች ተደርድረው የሚመጣ ቁጥር ከሆነ የኮምፒውተሩ ማጠጋጋት ነው፤ ጣለው። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ግን ጥንዱን የሆነ ቦታ ላይ አፍርሰሃል።

አንድን ቢን በመቀስ እንደ መቁረጥ ዜሮ ማድረግ ግን ጥሩ ማጣሪያ አይደለም። ድግግሞሹ በቢን ላይ ልክ ካልተቀመጠ ጭራው ሁሉ ይቀራል። ለማጣሪያ የተሠሩ ስልቶች አሉ።

አዲስ አንባቢ፦

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ፈጣን መላሽ «950 የሚባል ነገር የለም» ብሏል። ክብ ቀስት ደግሞ 950 እና ኔጋቲቭ 50 ለትራንስፎርሙ አንድ ናቸው ብሏል። አንድ ከሆኑ፣ ሞተሩ በእውነት በ950 ኸርዝ ቢንቀጠቀጥስ በምን እናውቃለን?

የድሮ ኢንጂነር፦

አናውቅም። ከመረጃው ውስጥ ሊታወቅ አይችልም።

በእውነት በ950 ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ ነገር በ1000 ናሙና ሲቀረጽ በ50 እና በ950 ላይ ጫፎች ይሠራል፤ የ50 ኸርዙ ንዝረት እንደሚሠራቸው ያህል፣ በዚያው ቁመት። 1050ም እንዲሁ፣ 1950ም እንዲሁ። ኤሊያሲንግ ይባላል። ከናይኩዊስት የ1928 ሥራ ጀምሮ፣ በኮቴልኒኮቭ በ1933፣ በሻነን በ1949 የተቀመጠው ሐሳብ የሚለው ይህንን ነው፤ ሲግናሉ ከናሙናው ፍጥነት ግማሽ በላይ ምንም ከሌለው ብቻ ናሙናዎቹ ሙሉ በሙሉ ይወክሉታል። እዚህ ላይ «ብቻ» የምትለው ቃል ናት ሥራውን ሁሉ የምትሸከመው።

ስለዚህ ከ500 ኸርዝ በላይ ያለው ነገር መወገድ ያለበት ናሙና ከመወሰዱ በፊት፣ ገና ቮልቴጅ ሳለ፣ በማጣሪያ ሰርኪት ነው። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ምንም ዓይነት ፕሮግራም አይለየውም፤ ድግግሞሹ ተቀላቅሏል። ማጣሪያው ደግሞ በአንዴ አይቆርጥም፤ ተዳፋት ያስፈልገዋል። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44100 ናሙና የሚይዘው፣ ጆሮ ከ20000 ኸርዝ ብዙም ሳያልፍ፣ አንዱ ምክንያት ለዚያ ተዳፋት ቦታ ለመተው ነው።

ንዝረት ፈላጊ፣ የመቅረጫህን መመሪያ ተመልከት። ማጣሪያ ከሌለው በ4000 ናሙና ደግመህ ቅረጽ። እውነተኛው 50 በ50 ላይ ይቆያል፤ በሐሰት የተቀመጠ ካለ፣ ድግግሞሹ ከ2000 ኸርዝ በታች እስከሆነ ድረስ፣ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይሄዳል።

ቁጥር ቆጣሪ፦

ስለ ጥንዱ ቅጂ እየተነሣ ስለሆነ አንድ የምወደውን ዘዴ ላካፍል። ኤፍኤፍቲ የተሠራው ለኮምፕሌክስ ግብዓት ነው፤ ሪያል ሲግናል ስናስገባ የኢማጂነሪው ወንበር ባዶውን ይቀመጣል። ሁለት ሴንሰር ካላችሁ የአንዱን ናሙና በሪያሉ፣ የሌላውን በኢማጂነሪው ክፍል አስቀምጣችሁ አንድ ኤፍኤፍቲ ብቻ ሥሩ። ከውጤቱ ቢን 50 ላይ ያለውንና የቢን 950ን ኮንጁጌት ደምራችሁ ለ2 ብታካፍሉ የመጀመሪያው ሴንሰር ይወጣል። ቀንሳችሁ ለ2 እና ለኢማጂነሪው አሃድ ብታካፍሉ ሁለተኛው ይወጣል። አርኤፍኤፍቲ የሚባሉትም ብዙዎቹ ከዚህ ዝምድና ተነሥተው ነው ጊዜ የሚቆጥቡት፤ ሙሉና ጎዶሎ ተራ ናሙናዎችን እንደ ሁለት ሲግናል ቆጥረው።

ኤፍኤፍቲ ራሱ ኩሊና ቱኪ በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው የታወቀው። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ ግን በ1805 አካባቢ፣ ፉሪየር በሙቀት ላይ የሠራውን ገና ሳያቀርብ፣ የአስትሮይድ ምሕዋር ሲያሰላ ይኸው ስልት በእጁ ነበር። በላቲን ጽፎ ተወው፤ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1866 ነው። ለ1024 ናሙና የቀጥታው መንገድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብዜት ሲፈልግ ኤፍኤፍቲ ወደ 10 ሺህ ገደማ ይበቃዋል። ጋውስ በእጁ ይሠራ ስለነበር ልዩነቱን ከእኛ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው።

ንዝረት ፈላጊ፦

ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

በመጀመሪያ በ4000 ናሙና ቀረጽሁ፤ ጫፉ ከ50 አካባቢ አልተነቃነቀም። በሐሰት የመጣ አይደለም። ቀጥሎ ጭነቱ እንዳለ ለ10 ሰከንድ ቀረጽሁ፤ አማካዩን ቀነስሁ፣ በሃን አባዛሁ፣ አርኤፍኤፍቲ ሠራሁ። አሁን ቢኖቼ በየ0.1 ኸርዝ ናቸው። ኢንጂነር እንደጠረጠሩት ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ በ49.4፣ ሌላው በ50.0። 49.4 በ60 ሲባዛ 2964 ነው፤ ከሰሌዳው ጋር ይቀራረባል። ያኛው መሽከርከሩ ነው። የ50.0ው ግን ምንድን ነው? እሱም ንዝረት ነው?

የድሮ ኢንጂነር፦

ኤሌክትሪኩን ሳትቆርጥ አይታወቅም። መቅረጫውን አስጀምርና ሞተሩን አጥፋው። የ50.0ው ጫፍ ወዲያው ከጠፋ ከሞተሩ ማግኔታዊ ጉልበት የመጣ ነው። ሞተሩ ቆሞም ካልጠፋ ንዝረት አይደለም፤ የሴንሰርህ ገመድ ከአካባቢው ሽቦ የሚለቅመው ነው። የመሽከርከሩ ጫፍ ግን ፍጥነቱ ሲወርድ ወደ ታች እየተንሸራተተ መሄድ አለበት።

ንዝረት ፈላጊ፦

ሞተሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላም የ50.0ው በዚያው ቁመት አለ። ገመዱን ከኃይል መስመሩ አርቄ ሳዘረጋው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ላጠፋው ስታገል የነበረው ነገር ለካ ከሞተሩ አልመጣም።

የ49.4ው ግን ሲንሸራተት አላየሁትም። በግራፉ ላይ ከ49 ወደ ግራ የተዘረጋ ዝቅ ያለ ጉብታ ብቻ ነው ያለው።

ክብ ቀስት፦

ሞተሩ ፍጥነቱ እየወረደ ሲቆም ድግግሞሹ በ10 ሰከንዱ ውስጥ በብዙ ቢኖች ላይ አልፏል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው የደረሰው። አንድ ረጅም ኤፍኤፍቲ የሚነግርህ ምን ምን ድግግሞሽ እንደ ነበረ ነው፤ መቼ እንደ ነበረ የሚለው በፌዞቹ (በቀስቶቹ መነሻ ማዕዘኖች) ውስጥ ተበትኖ ከመጠኑ ግራፍ ላይ አይነበብም።

ቀረጻውን ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ክፈለው፤ ቁራጮቹ በግማሽ ይደራረቡ። እያንዳንዱን በሃን አባዝተህ አርኤፍኤፍቲ ሥራና ውጤቶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ጎን ለጎን አሰልፋቸው። ቢኖችህ በየ2 ኸርዝ ስለሚሆኑ 49.4 እና 50.0 እንደገና ይቀላቀሉብሃል፤ ግን የቆመው 50 ቀጥ ያለ መስመር፣ ሞተሩ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ሆኖ ይታይሃል። ቁራጩን ማስረዘምና ማሳጠር በእጅህ ነው፤ 0.25 ሰከንድንም 1 ሰከንድንም ሞክርና ሦስቱን ግራፎች እዚህ ለጥፋቸው።